እትዬ የምንላት እናታችን

ቅዳሜ የካቲት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእማዬ ወለተሥላሴ፣ ሁሩታ።

እማዬ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እትዬ ሳታውቅ ነው፤ እንዴት እንደምጀምረውም ጨንቆኛል። ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ አላስተኛ ያለዎት ሳልስ ለቀቀዎት ወይ? ብርዱ እናንተ ዘንድ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ ሳስብዎት ሰነበትኩ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ግን ልዋሽዎት አልቻልኩም። ጋሽ ፉፋ፣ እባክዎን ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብለው ያንብቡላቸው።

ገመቹ ታስሯል። ከሁለት ልጆች ጋር ሆኖ ከቆመ የጭነት መኪና ላይ ስኳር ሲያወርዱ ተያዙ። እነሱ ከላይ ያቀብላሉ፣ ወንድሜ ከታች ይቀበላል። አላደረገም አልልም። ዕድሜው ገና ስለሆነ ከትልልቆቹ ለይተው ልጆች ብቻ የሚታሰሩበት ግቢ አስገቡት። እዚያ ጠያቂ የሚገባው እሑድ ብቻ ነው፤ የሚገባውም ወላጅ ብቻ ነው። እህትም ሆነ አክስት ምግቡን በር ላይ ሰጥቶ ይመለሳል።

ባለፈው እሑድ እኔ የምንቸረችረውን ሽንኩርት ስጠብቅ እትዬ ሽሮ በሳሕን ቋጥራ ሄደች። የሆነውን የነገሩኝ ጎረቤታችን ወይዘሮ አሰፋሽ ናቸው፤ የእሳቸውም ልጅ እዚያው ስለታሰረ ሰልፉ ላይ አብረው ነበሩ። ኢተፋ የሚባለው ዘበኛ ምኑ ነሽ ቢላት «እናቱ ነኝ ጌታዬ» አለችው። «ጌታዬ ማለት ቀርቷል፣ ጓድ በይ» ቢላት «እሺ ጌታዬ» ብላው አረፈች። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እሱም ፈገግ ብሎ በሩን ሊከፍትላት ነበር አሉ።

ይሄኔ ገመቹ ከሽቦው ወዲያ አያትና «እትዬ! እትዬ መጣች!» ብሎ ጮኸ። ዘበኛው በሩን መልሶ ያዘ። «እናቱን እትዬ የሚል ልጅ የት አገር አይተሻል? ለነገሩ አንቺም ገና ልጅ እግር ነሽ። እህቱ ነሽ። ሳሕኑን ስጪና ዞር በይ!» አላት። ከዚህ ከሆዴ ነው የወጣው ብላ ብትምል፣ ብትለምን፣ አልሰማ አላት። አባቱ ይምጣ ሲል መተሐራ ለአገዳ ሥራ ብሎ ሄዶ እንደቀረ ነገረችው። በመጨረሻ ገመቹን ጠራና «ይቺ ምንህ ናት?» አለው። እሱ ደንግጦ «እትዬ ናት» አለ። «እማዬ የምትላትስ የት ናት?» ቢለው «ሁሩታ» አለ። እማዬ፣ ልጁ አልዋሸም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

እትዬ በነጋታው ቀበሌ ሄዳ እናትነቷን እንዲጽፉላት ጠየቀች። የልጆቹ ስም የተመዘገበው በእናትሽ ቤት ነው፣ ከሁሩታ አስጽፊ አሏት። ማክሰኞ ግን ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ ሊወስዷቸው ነው። ከሁሩታ የሚላክ ወረቀት እስከ ማክሰኞ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ቢሆንም ያስጽፉልን፤ አዲስ አበባም በር ይኖራል፣ በሩም ላይ እንደ ኢተፋ ያለ ሰው አይጠፋም።

እትዬ አላለቀሰችም። አልቅሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ስትጠራኝ «አቤት እትዬ» ስላት ቀና ብላ ታየኛለች፣ ከዚያ ወደ ሽንኩርቷ ትመለሳለች።

እማዬ፣ ይህን መጻፍ ድፍረት ነው፤ ግን ለማን ልናገረው? እትዬ በሉ ያሉን እርስዎ ነዎት። እርስዎ ዘንድ ሳለን ለበዓል ልብስ ይዛልን ስትመጣ ከእርስዎ ኋላ ተደብቀን እናያት ነበር፤ እርስዎም «እትዬ መጣች፣ ሳሟት» ይሉን ነበር። ልጅ አላት ከተባለ ከአሰላ የሚመጣው ሰውዬ አያገባትም ብለው እንደሆነ ኋላ ሰማሁ። ሰውዬው አልመጣም። እትዬ የሚለው ስም ግን እኛ አፍ ላይ ቀረ። አሳድገውናል፣ አብልተውናል፣ ይህን አልክድም። ግን አንድ ቃል ነው የወሰዱባት፣ ባለፈው እሑድ በሩን የሚያስከፍተው ደግሞ ያ ቃል ነበር።

ነገ ቅበላ ነው። ከጾሙ በፊት እንዲበላ ብላ እንቁላል ገዝታለታለች። በር ላይ ሰጥቼ እመጣለሁ አለችኝ፤ እገባለሁ አላለችም።

ጋሽ ፉፋን ስላነበቡልን እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። አክስቴ ቡዜን ከነልጆቿ፣ አያ ካሣንም ጉንጫቸውን ሳሙልኝ። ትንሹ ቀነኒሳ ስለ ገመቹ ከጠየቀ ትምህርት በዝቶበት ነው በሉት።

እኔ ሰው ፊት ድምፄ እንደማይወጣ ያውቃሉ። ዛሬ ቤቱ ባዶ ሲሆን ወደ ግድግዳው ዞሬ ቃሉን ሞከርኩት። መጀመሪያ አፌ እትዬ አለ፤ ቆይቶ ግን ወጣልኝ። ነገ አብሬያት እሄዳለሁ። ሰልፉ ላይ፣ ዘበኛው እየሰማ፣ ገመቹም ከሽቦው ወዲያ ሰምቶ እንዲከተለኝ፣ ጮክ ብዬ «እማዬ» እላታለሁ። ከዚያ በኋላ እርስዎን ምን ብዬ እንደምጠራዎት ገና አላሰብኩበትም።

ልጅዎ ደራርቱ
ናዝሬት