ዝናብ እንዳይነካው ስለተሸፈነው የዝናብ መለኪያ

ቢቸና ውስጥ ከቤታችን አጥር ማዶ ላለው መሥሪያ ቤት የተከበሩ ኃላፊ፤

የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ። እርስዎም ቤተሰብዎም ክረምቱን በጤና እንድታሳልፉ እመኛለሁ፤ በተለይ ወንዝ የሚሻገሩ ልጆች ካሉዎት። እኛ ከታላቅ ወንድሜ ከየኔሰው በቀር ደኅና ነን።

1. በቅድሚያ ግቢዎ ውስጥ ስላስተከሉት የአየር ሁኔታ መለኪያ አመሰግናለሁ። መለኪያው ሙቀቱን፣ ነፋሱንና ዝናቡን ያለ ሽቦ፣ በራዲዮ ሞገድ ወደ ቢሮዎ ይልካል። ቁጥሩን የሚያሳየው ስክሪን ከመሳቢያዎ ወጥቶ ስለማያውቅ ግን ወንድሜ ራሱ ሊያነበው ተነሣ። መዳፍ የምታህል ኮምፒዩተርና ፍላሽ የሚመስል የራዲዮ መቀበያ ነበረው። ነፋስ ሲነሣ የትኛው ቁጥር እንደሚዘል፣ ዝናብ ሲጥል የትኛው እንደሚጨምር በአጥሩ ቀዳዳ እያየን የመለኪያውን ቋንቋ ፈታነው። ከዚያም ኮምፒዩተሯ የቢቸናን ዝናብ በቴሌግራም እንድትልክ አደረጋት። ከሞጣ የሚመለሱ ነጋዴዎችና መምህራን ከከተማው በታች ያለውን ጅረት ከመሻገራቸው በፊት ስልካቸውን ያዩ ነበር። የሚያመሰግኑት እርስዎን ነበር፤ እኛም አላረምናቸውም።

2. ለንብረት ስላለዎት ጥንቃቄ ደግሞ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የኔሰው ሞጣ በዋለበት፣ እኔም ትምህርት ቤት በነበርኩበት ቀን፣ መለኪያውን ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ እንዲጠቀለል አዘዙ። ይህን የነገሩን ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ጸደንያ ናቸው። ዕቃው የዝናብ መለኪያ መሆኑን ሊያስታውሱዎ ቢሞክሩ፣ እርስዎ «ቢበላሽ ማን ሊጠየቅ ነው?» ብለው መለሱላቸው አሉ። እውነትዎን ነው፤ አሁንም የተጠየቀ የለም።

3. ያን ዕለት ከጅረቱ ወዲያ ማዶ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ቢቸና ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ወንድሜ ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ ስልኩን ማየቱን ከኋላው በእግር የደረሱ አንድ መምህር ነግረውናል። መለኪያዎ «ዝናብ ዜሮ» አለው። አምኖ ገባ። ደራሹ ውኃ መሐል ላይ አገኘው።

4. ጉዳዩን እንዲያጣራ ስለላኩት ኮሚቴም አመሰግናለሁ። በመለኪያው ላይ ምንም ጉዳት እንዳልደረሰ አረጋግጦ ተመልሷል። ሪፖርቱን ለእናቴ ለወይዘሮ ይርጋነሽ አንብቤላቸዋለሁ።

ላስቲኩ እስከ ዛሬ አልተነሣም። አጥሩን ዘልዬ ላነሣው አስቤ ነበር፤ የመንግሥት ንብረት መንካት እንደሚያሳስረኝ ግን ዘበኛው አስቀድሞ መክሮኛል። ኮምፒዩተሯን እንዳላጠፋት ወንድሜ የሠራት ናት። ስለዚህ ከዜሮው ሥር «አትመኑ» የሚል ቃል ጨምሬ ለሰው ሁሉ እልካለሁ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ሰዎቹም መሻገራቸው አይቀርም። ላስቲኩ ተነሥቶ ይህን ቃል የማጠፋበትን ቀን እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እለምናለሁ። ደክሞኛል፤ ፈተናም ደርሶብኛል።

ጠዋትና ማታ በበርዎ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣዎት፣ ለሥልጣንዎ ረጅም ዕድሜ የሚመኝ፣ ጊዜዎን በመሻማቱ ይቅርታ የሚጠይቅ ትሑት ጎረቤትዎ፣

ሣህለ ማርያም ፋንታ
የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለለቅሷችን ድንኳን ከመሥሪያ ቤትዎ የተላከልን ሸራ ዝናቡን በሐዘንተኛው ላይ ሲያፈስ ሰነበተ። መለኪያው ላይ ያለው ላስቲክ ግን አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። ለሚቀጥለው ለቅሶ ቢያቀያይሯቸው።