ባዶ የሚጮኸው ሴራሚክ

ለአማቼና ለሥራ ባልንጀራዬ፦

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እህቴ ደህና ናት? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ ልል ብዕር አንስቼ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ደህና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ። ስለዚህ ሰላምታው እዚህ ይብቃንና ወደ ንዴቴ ልግባ።

ማክሰኞ ጠዋት እህቴ የዕቃ ሳጥንህን ተሸክማ መጣች። በሬ ላይ ዘጭ አድርጋው እላዩ ላይ ቁጭ አለች። ውሰደው ብሎሃል፣ ከእንግዲህ እኔ ለሥራ አልነሳም፣ ለአንተ ይሁንህ ብሏል አለችኝ። ሞተሃል እንዴ ሰውዬ? ውርስ የሚከፋፈለው ሬሳ ከወጣ በኋላ መስሎኝ! ገና አርባ አምስት ዓመት ሳይሞላህ ማን ኑዛዜ አስነገረህ? እህቴ ደግሞ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ደክሟት ነበር።

ሳጥኑን ከፈትኩት። መቁረጫህ አለ፣ ውሃ ልክህ አለ፣ ሲባጎህ እንደ ልማድህ በሥርዓት ተጠቅልሎ አለ። ከሁሉም ስር አራት ተጣጥፎ የተቀመጠ ወረቀት አገኘሁ፤ የእግር ሥዕሎች ያሉበት፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሰጠችህ። አሥራ ሁለት ቀን ና ብላህ ሦስት ቀን ብቻ ምልክት ተደርጎበታል። የዘጠኙ ቀን ቦታ ባዶ ነው።

እህቴን ለምን ተወው ብላት፣ መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ፣ እግርህን አንሳ እግርህን አውርድ፣ ይሄ ሕክምና ነው ወይ ብሎ ተወው አለችኝ። ይኸው ወር ሙሉ ትራስ ከጉልበትህ ስር አድርገህ ተጋድመሃል አሉ። እሷ ውሃ ታቀብልሃለች፣ ትልቁ ልጅህ ካልሲህን ያወልቅልሃል። አሁን አሁንማ ጉልበትህ አልዘረጋም ብሏል። ታዲያ ምን ይሁን? በር እንኳ ወር ሙሉ ሳይከፈት ከከረመ ማጠፊያው ይዝጋል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን የተናደድኩት በባለሙያዋ ነበር። አምኖ የሰጣትን ጉልበት አበላሽታለች ብዬ ልጣላት ሄድኩ። ቦታውን ታውቀዋለህ። ያን ፎቅ ከምድር እስከ ሦስተኛ ወለል ሴራሚክ ያነጠፍነው እኔና አንተ ነን። ደረጃውን መደገፊያውን ይዤ ወጣሁ። ድሮ ሲሚንቶ ተሸክመን እንሮጥበት በነበረው ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ ትንፋሽ ወሰድኩ፤ ይህን ለማንም እንዳትናገር።

ባለሙያዋ ከክርኔ የማታልፍ ትንሽ ልጅ ናት። አማቼን ምን አድርገሽው ነው ብዬ ስጮህባት እስኪወጣልኝ ድረስ ሰማችኝና፣ ጨረሱ? አለችኝ። ጨረስኩ። እንግዲያው ይቀመጡ አለችኝ። ተቀመጥኩ። አሁን ደግሞ እጅዎን ሳይደግፉ በአንድ እግርዎ ይነሡ አለችኝ። ይቺ ምን አላት ብዬ ብነሣ፣ ግማሽ ላይ ደርሼ ተመልሼ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጥኩ። በግራው ሞከርኩ፤ ያው። ተራ የሚጠብቁ ሁለት አሮጊቶች ሳቁብኝ። አንደኛዋማ አላስችል ብሏቸው ብድግ ብለው አሳዩኝ። በአንድ እግር! ዕድሜያቸው ሰባ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ነው ያስረዳችኝ። ጉልበት ብቻውን አይታመምም፣ ጭን ሲሰንፍ የጭንን ሸክም ጉልበት ይሸከማል አለችኝ። አማችዎም ጋደም ባለ ቁጥር ጭኑ ይከሳል፣ ጉልበቱ ይብስበታል፤ ትራሱማ ታጥፎ እንዲቀር ነው የሚያስተምረው አለችኝ። ፎጣ ጠቅልሎ ከጉልበት ስር ማድረግ፣ ወደ ታች መጫን፣ አሥር ቆጥሮ መልቀቅ። ይህችው ናት። ሥራ ላይ ደግሞ ከሃያ ደቂቃ በላይ አለመንበርከክ፣ ተነሥቶ መንጠራራት። ካልተማርኩ እኔም ዓመት ሳይሞላኝ አጠገብህ እንደምጋደም በግልጽ ነገረችኝ። በመጨረሻ፣ ስትሠሩ ከጉልበታችሁ ስር ስፖንጅ አታደርጉም ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ ዓይኔን መስኮቱ ስር ወዳለው ወለል መለስኩ።

እሷ ግን አላየችኝም፤ ስለ አንተ ማውራት ቀጠለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በሩ አጠገብ ነበር የሚሠራው፣ ጎበዝ ነበር፣ እየቀለደ ያስቀን ነበር አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ቦታ ሞልቶ ምንጣፉን መስኮቱ ስር ዘረጋችልህ። ፎጣህን አድርገህ መቁጠር ጀመርክ። ከዚያ በጣትህ ወለሉን መታ መታ አደረግክ። እንደገና መታህ። ፎጣውን በሥርዓት አጥፈህ፣ ጫማህን አድርገህ ወጣህ። አመመህ ወይ ስትልህ፣ አይ ብለሃታል። ምን ሆኖ እንደሆነ ያውቃሉ? አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ለእህቴ የመርፌና የኪኒን ወሬ አወራህላት፤ እኔም ለልጅቷ አላውቅም አልኩ። ሁለታችንም ውሸታሞች ነን። ግን የኔ ይብሳል።

መስኮቱ ስር፣ ከግድግዳው አራተኛው ረድፍ። ያኔ እህቴን ለማግባት ደጃችን የምትመላለስበት ጊዜ ነበር። እሷ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣ፣ በወፍራም ጨርቅ ለብጣ ሁለት የጉልበት መከላከያ ሰፋችልህ። አስረኸው ስትመጣ ሙሽራ ብዬ ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ። ሠራተኛው ሁሉ ተቀበለኝ፤ ሙሽራ እንዳይቆሽሽ፣ ለሙሽራ ምንጣፍ አንጥፉለት ተባለ። አንተ ሳቅህ እንጂ አላወለቅከውም። እኔን ያናደደኝ ያ ነው። ሃያ ዓመት በባዶ ጉልበቴ ስንበረከክ ለእኔ ስፖንጅ የቆረጠልኝ ሰው የለም፤ የገዛ እህቴ እንኳ። ቅናት ነበር፤ አሁን ስሙን ጠርቼዋለሁ። አንተ ለምሳ ስትወርድ አሸዋውን ጎድጎድ አድርጌ ሁለቱንም ቀበርኳቸው፣ ሴራሚኩን አለበስኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ረድፉን በጎማ መዶሻህ እየመታህ ስትፈትሽ እዚያ ደረስክ። ስሩ እንዳልሞላ ሴራሚክ ባዶ ጮኸ። አንተ ደግሞ ባዶ የሚጮህ ሴራሚክ አይተህ የማታልፍ ሰው ነህ፤ ፎርማኑ ተወው እያለህ እንኳ ነቅለህ የምትሠራ። ቀና ብለህ አየኸኝ። እኔ እያፏጨሁ ሲሚንቶ አቦካ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለህ፣ ሳትነቅለው የዳር መጋጠሚያውን ብቻ ሞልተህ አለፍከው። ማታ ለእህቴ ተሰረቀብኝ አልካት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሰረቀብኝ እንዳልክ አለህ፤ ሌላም አላሰፋህም።

እንግዲህ የምናደድብህ በዚህ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ የወጋሁት እኔም አልረሳሁም፣ አንተ ግን ዝም አልክ። ለምን አልጮህክብኝም? ለምን ያን ሴራሚክ ነቅለህ በራሴ ላይ አልሰበርከውም? እህቱን እንዳይከለክለኝ ብለህ ነው? አንድ ቀን ተጣልተን፣ አንድ ቀን ተኳርፈን፣ ጉልበትህ በተረፈ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ጨዋነትህ ገደለህ፤ እኔንም ጨዋ ሰው የበደለ አድርጎ አስቀረኝ። ደግሞም የገዛ ክፋቴ ተነሥቶ ሕክምናህን ያስተውህ? ይህንን አልፈቅድም።

ከሐሙስ ጀምሮ እኔም እየሄድኩ ነው። ከአሮጊቶቹ መሐል ተቀምጬ አሥር እቆጥራለሁ፤ ስሳሳት ያርሙኛል። ሥራ ላይም ስፖንጅ አስሬ ነው የምንበረከከው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ወዲያው ሙሽራ አሉኝ። ይበሉኝ።

ባለሙያዋን ያን ሴራሚክ እንድነቅል አስፈቅጃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ባዶ ነው ብላለች፤ ዘጠኙን ቀንህንም ከዚያው ቀን ትጀምርልሃለች። ያለ አንተ አልነካውም። ደረጃውን አብረን እንወጣለን፤ አንተ እኔን ትደግፋለህ፣ እኔ አንተን፣ ሁለታችንም መደገፊያውን።

ሳጥንህ እኔ ጋ ነው፣ አልሰጥህም፣ ራስህ መጥተህ ውሰድ። የጎማ መዶሻህን ግን ሁለት ጊዜ አገላብጬ ፈልጌ አጣኋት። ሁሉን ሰጥተህ እሷን ብቻ አስቀርተሃል። አልነሳም ያለ ሰው መዶሻ ምን ያደርግለታል? እሷን ይዘህ ና።

ፈጣሪ እግርህን ያጽናልህ፣ ከልጆችህ ጋር በደጅህ ቆመህ ለመሄድ ያብቃህ፤ እኔንም ሳትጮህብኝ አያስቀረኝ። ደብዳቤውን የምታመጣልህ እህቴ ናት። ፖስታውን አላሸግኩትም።

አማችህ