ለቆመ ሰው ፍትሐት

ይድረስ ባሌ ለነበሩት፣ ዛሬ አባቴ ለሚባሉት።

የነአኩቶ ለአብ አምላክ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። እንዴት ሰነበቱ? ክረምት ሲገባ የሚነሣብዎት ወገብዎ እንዴት አለ? የዋሻው ብርድ አላባሰውም ወይ? እዚህ እኛ ዘንድ ደጋው እንዳለ ነው። ዝናቡ ከገባ ወዲህ አላባራም። ገብሱ በቅሏል፤ ውርጭ ካልቀደመን ዘንድሮ እንበላለን። እኔም አለሁ። የቆመ ሁሉ ደኅና ከተባለ ደኅና ነኝ።

ይህን ማን ጻፈላት ብለው እንዳይደክሙ፣ እኔው ነኝ። ፊደሉ የተንጋደደው እጁ የእኔ ስለሆነ ነው። ትተውት የሄዱት የጸሎት መጽሐፍ በማኅደሩ እንዳለ ግድግዳው ላይ ዓመታት ተንጠልጥሎ ኖረ። አቧራውን አራግፋለሁ፣ እስመዋለሁ፣ መልሼ እሰቅለዋለሁ። አንድ ቀን ግን በገዛ ቤቴ ውስጥ የማልገባበት ጓዳ ያለ መሰለኝና ልጃችንን ትሕትናን አስተምሪኝ አልኳት። ያኔ ራሷም ተማሪ ነበረች። «እማ፣ አንቺ እኮ እንደ እርሻ በሬ ነሽ፤ መስመሩ ሳያልቅ ትዞሪያለሽ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ትሳቅ። በሬም ቢሆን አርሶ ይጨርሳል።

ለደብተራ ነግሬ ማጻፍ እችል ነበር። ይህን ግን በሌላ ሰው አፍ ማሳለፍ አልፈለግሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መመንኮስ እፈልጋለሁ። የነፍስ አባቴን መምሬ አረጋን ለመንኳቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ባልሽን ይቅር ብለሻል?» አሉኝ።

«የትኛውን ባሌን? ፍትሐት የተፈታለትን?» አልኳቸው።

«ይኸው፣ ምላስሽ መለሰልኝ። ቂም ተሸክሞ ቆብ የለም። ሄደሽም ይሁን ልከሽ ታረቂና ነይ» አሉኝ።

መሄዱን እግሬ እምቢ ብሏል። ስለዚህ እጽፋለሁ። ከዚህ ወረቀት ዕርቅ ካልወጣ ቆብ የለኝም ማለት ነው። ግን አንቱ እያልኩ መቆጣት አቃተኝ፤ ጀምሬ ቀደድኩት፣ ጀምሬ ቀደድኩት። እንግዲህ አባቴ ይፍቀዱልኝና መካከሉን ለባሌ ልጻፈው። እንደ ድሮው አንተ ልበል።

ያን ዓመት፣ ገና የደብራችን ቄስ ሳለህ፣ ታመህ ስትወድቅ ታስታውሳለህ? ሆድህ አብጦ፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኖ፣ ሐኪሙ ወደ ቤታችሁ ውሰዱት ብሎ መለሰን። ቤት አልወሰድኩህም። የአገሩን ወንድ ለምኜ በቃሬዛ እስከ ጋሸና አደረስኩህ፤ ከዚያ በጭነት መኪና ላሊበላ፣ ከዚያ እንደገና በሰው ትከሻ እስከ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ። ትሕትና ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር፤ በጀርባዬ አዝዬያት ከቃሬዛው ኋላ እሮጥ ነበር። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል ድንጋዩ ገበታ ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል ሌት ተቀን ሰማሁት። አንተ አትሰማም ነበር። ሱባዔ ያዝን። ዳንህ። በእግርህ ተራምደህ ወጣህ።

ከዚያ በኋላ ግን ቤት ውስጥ እያለህ ቤት ውስጥ አልነበርክም። ማዕድ ቀርቦ ዓይንህ በሩ ላይ ነው። መኸሩን ሰብስበህ፣ «ተጠርቻለሁ» አልከኝ። ያለ ሚስት ፈቃድ መመንኮስ አይቻልምና ሽማግሌ ተቀመጠ። ዋርካው ሥር ቢሆን መልካም ነበር፤ መሮጫ ነበረኝ። እልፍኜ ውስጥ ነው የተቀመጡብኝ።

«ልጄስ?» አልኳቸው።

አንደኛው ሽማግሌ፣ «አብርሃም ልጁን ሊሠዋ ሲወጣ ‹ልጄስ› ብሏል?» አሉኝ።

«ሣራስ ምን አለች?»

«ሣራማ ድንኳኗ ውስጥ ነበረች! ዝም ብላ!» አሉና ሁሉም ሳቁ። አንተ አልሳቅህም። መሬት መሬት አየህ። ያኔ ቀና ብለህ አንድ ጊዜ ብታየኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን አልመርርም ነበር ይሆናል። «ከእግዚአብሔር ጋር ልትሟገቺ ነው?» ሲሉኝ ነጠላዬን በፊቴ ላይ ጣልኩና ፈቅጃለሁ አልኩ። ከነጠላው ውጭ የሰማኝ ካለ እግዚአብሔር ነው።

ቆብ የተቀበልክ ዕለት ከሴቶቹ መካከል ቆሜ አየሁህ። መሬት ላይ አጋድመው ነጭ አለበሱህ፤ ለዓለም ሞቷል ብለው እንደ ሬሳ ፍትሐት ፈቱልህ። ዜማውን አውቀዋለሁ፤ አባቴን የሸኘሁበት ነው። አጠገቤ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «እልል በዪ እንጂ» አለችኝ። በባሌ ፍትሐት ላይ እልል አልኩ።

ቤቴ ስገባ ጎረቤት ጠላ ይዞ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ጸሎት የሚያደርግልሽ አገኘሽ» ሊለኝ መጣ። ለሞተ ለቅሶ ይደረሳል። ለመነኮሰ እንኳን ደስ አለሽ ይባላል። ለሚስቱ የሚባለውን ግን ማንም አላወቀውም።

ያወቀችው ኸዲጃ ናት። ጋሸና እህል የምትሸጠውን ኸዲጃን አትረሳትም፤ አንተን ተሸክመን ስናልፍ ውሃ ያጠጣችን ናት። ገበያ ላይ «ለዚያ ቄስ እኮ ፍትሐት ተፈታለት» ሲባል ሰምታ፣ ሞተ ብላ፣ ሱቋን ዘግታ መጣች። ገና ከጉብታው ላይ ስትደርስ «ወይኔ እህቴን! ወይኔ የልጅ አባት!» እያለች ደረቷን ስትመታ ሰማናት። ጠላ የያዙት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቄሱ አልሞቱም፤ መነኮሱ!» አሏት።

ኸዲጃ ላቧን ጠረገችና ጠየቀች፦ «ይመለሳል?»

«አይመለሱም።»

«እዚህ ደጅ ይታያል?»

«አይታዩም።»

«ይህችን ልጅ አቅፎ ያሳድራል?»

ጠላ የያዙት ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ታዲያ የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው?» አለችና መጥታ መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። «አላህ ያጽናሽ እህቴዋ። አልቅሽ፤ እኔ አለሁ» አለችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። አንተን የቀበርንህ እኔና እርሷ ነን። ከል ለበስኩ፤ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤ አላወለቅሁም።

ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን አልቀረሁም። ጾሙንም ስግደቱንም አላጓደልኩም። ሰው «የመነኩሴ ሚስት፣ እንዴት ትጸልያለች» ይላል። በምን ልብ እንደምጸልይ ቢያውቁ ይሸሹኝ ነበር። ስሰግድ ግንባሬ መሬቱን የሚመታው በንዴት ነበር። «ልጅህን በባዶ ቤት አሳድጌልሃለሁ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» እለዋለሁ እግዚአብሔርን፣ እነሣለሁ፣ እደግመዋለሁ። እርሱም ታገሠኝ። ይኸን ያህል የታገሠኝ ሌላ ማንም የለም።

አንድ ኅዳር ለንግሥ ከመንደሩ ሰው ጋር ወደ እናንተ መጣሁ። አልነገርኩህም። ጠበል የምታጠምቀው አንተ ነበርክ። ጢምህ ነጭ ሆኗል፤ እጅህ ያው ነው። ተራዬ ደረሰና ጎንበስ አልኩ። ዓይንህን ሳታነሣ «የክርስትና ስም?» አልከኝ። ያጋባን ቄስ የጠራኝን፣ አንተ በሕመምህ ሌሊት የምትጠራኝን ስም ነገርኩህ። «እግዚአብሔር ይማርሽ» አልከኝና አፈሰስክብኝ። ለሌሎቹ በትንሹ ነበር። ለእኔ ጣሳው እስኪራገፍ አፈሰስክ፤ ደግሞ ቀድተህ አፈሰስክ። ከኋላዬ ያሉት አጉረመረሙ። አውቀኸኝ ነው? ወይስ የታመመች መስዬህ ነው? መንገዱን ሁሉ ይህን እየጠየቅሁ፣ ልብሴ ሳይደርቅ ጋሸና ገባሁ። ኸዲጃ ምድጃው ዳር አስቀምጣ አደረቀችኝ፤ ምንም አልጠየቀችኝም።

አሁን ይህን ሁሉ የገለበጠብኝን ልንገርህ።

ትሕትና ኮን ላይ አስተማሪ ሆናለች፤ ይህን ሰምተህ ይሆናል። በግንቦት መጥታ ስታየኝ ቀሚሴ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆኖብኝ አገኘችኝና እምቢ ብላት ደሴ ድረስ ይዛኝ ሄደች። እዚያ መረመሩኝ። ሐኪሙ ሲናገር እኔን ትቶ እርሷን እያየ ነው የተናገረ። እርሷም ብርቱካን ልግዛልሽ ብላ ወጣች። ቆየችብኝ። ግድግዳውን ይዤ ብወጣ፣ በኮሪደሩ ጥግ በጉልበቷ ተንበርክካ አገኘኋት። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። «አድንልኝና ያንተ ትሁን» ትላለች። «እናቴን አድንልኝና ያንተ ትሁን።»

ልጠራት የነበረውን ትቼ ቆሜ ሰማኋት።

ምክንያቱም ያን ቃል አውቀዋለሁ። አንተ ዋሻው ውስጥ ራስህን ሳታውቅ ተኝተህ ሳለ፣ ጠበሉ ጠብ፣ ጠብ ሲል፣ እኔ ያልኩት ነው። «አድንልኝና ያንተ ይሁን።» ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ ጥጃ ሲታመምም እንለዋለን። ስለት ተሳልኩ ብዬ አላሰብኩም። እርሱ ግን ሰማኝ። አዳነልኝ። የእርሱም ሆንክ። ይህን ሁሉ ዘመን ሌባ ስልህ ኖርኩ፤ እርሱንም ቀማኛ ስለው ኖርኩ። ከቤቴ የወሰደህ ማንም አልነበረም። እኔ ሰጥቼህ ነበር፤ ግን በአንድ እጄ ሰጥቼ በሌላው ጨምድጄ ይዤህ ኖርኩ። የታመመው እጄ ነው።

ልጄን ትከሻዋን ነካኋትና፣ «ትሕትናዬ፣ እንደዚያ አይባልም» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልበል እማ?»

«‹አድንልኝ›ን ተይው። ‹ያንተ ናት› በዪ፤ በቃ።»

አፏን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ አለችው። እኔም አብሬ አልኩት፤ ስለ እኔም፣ ስለ አንተም፣ ስለ እርሷም። ያ ቃል እንዲህ ቀላል እንደሆነ አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ከፍዬ ልገዛው ስለፋ ኖሬ፣ ለካ እንዲሁ የሚሰጥ ነበር። ስንወጣ ዓይኗ ቀልቶ አየሁትና ምን ሆንሽ ብላት፣ አቧራ ገባብኝ አለችኝ። ዝናብ እየዘነበ ነበር። እሺ ልጄ፣ አቧራ ነው አልኳት።

እንግዲህ አባቴ፣ ባሌን እዚህ ላይ አሰናበትኩት። ከአሁን ወዲያ አንቱ ነዎት።

ይቅር ብያለሁ። ከከንፈሬ አይደለም። እርስዎም ስለ ምላሴና ስለ ከሉ ይቅር ይበሉኝ። ሰጥቻለሁ፤ አሁን ሁለቱንም እጄን ለቅቄ ሰጥቻለሁ። ይህን ወረቀት ለመምሬ አረጋ አንብቤላቸዋለሁ። ሲያልቅ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና፣ «ለፍልሰታ ቆቡን እናደርግልሻለን» አሉኝ። «ፍልሰታ ሩቅ ነው አባቴ፤ ፈጠን ይበሉ» አልኳቸው። መክሳቴን አዩና እሺ አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ፍትሐቱን በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ እንዲቆሙልኝ ማድከሜ ቢያሳፍረኝም ምን ላድርግ።

ላሟን ለትሕትና ሰጥቻታለሁ። የጸሎት መጽሐፍዎን ይዛልዎት ትመጣለች፤ ብቻዋን ስትመጣ እንዳይደነግጡ። ያን ቀን እባክዎ ቀና ብለው ይዩዋት። አፍንጫዋ የእርስዎ ነው።

ኸዲጃንም ነግሬያታለሁ። ከጋሸና መምጣቷ አይቀርም፤ ገና ከጉብታው ላይ ድምፅዋ ይሰማል። በዚህኛው ለቅሶዋ ግን ማንም አይስቅባትም።

ዋሻውን የሚጠብቅ አምላክ ደጅዎን ሰላም ያድርግልዎ። ያስጀመረዎትን ያስፈጽምዎ። ጠበሉ ጠብ ሲል በሰሙ ቁጥር የክርስትና ስሜን ይጥሩልኝ፤ አሁን ያውቁታል። ለጥያቄዬ መልስ አይጻፉልኝ። ያን ኅዳር ጣሳውን ደግመው ያፈሰሱብኝ አውቀውኝ ነው ብዬ ይዤው እሄዳለሁ።

የልጅዎ እናት፣
በጸሎትዎ ልጅዎ