ከማጠቢያው በላይ ስለተቀዳው ንጹህ ውሃ

ለክቡር አቶ ግዛቸው
የወረዳችን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ያስቸግርዎ የነበረው የወገብ ሕመም አዲሱ ወንበር ከገባልዎ ወዲህ እንደተሻለዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ለመላው ቤተሰብዎም ሰላምና ጤና ከልብ እመኛለሁ። እኔ ውባየሁ፣ በሥርዎ የውሃ ጥራት ባለሙያ የሆንኩት፣ ከደብረ ታቦር ተመድቤ ቦንጋ ከገባሁ ስድስት ዓመት የሞላኝ፣ በአካል ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል መላክ ትቼ በአደባባይ የጻፍኩልዎ ከድፍረት የተነሣ አይደለም፤ በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሁለቱ ቀዳሚዎቹ መንገድ ላይ ደክሟቸው ዐርፈው ይሆናል ብዬ ስላሰብኩ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ጫካው ሥር አንዲት ትንሽ መንደር አለች። ከመንደሯ በላይ የእሸት ቡና ማጠቢያ አለ፤ ከማጠቢያው ወደ መንደሯ ወንዝ ይወርዳል። አርባ ያህል አባወራ ከዚያ ወንዝ ይጠጣል፣ ያጥባል፣ ከብት ያጠጣል። ባለፈው ጥቅምት ቡና መታጠብ ሲጀምር ውሃው ጠቆረ፣ ሸተተም። ጋሽ ሰብሃት የሚባሉ ቡና ለቃሚና ንብ አናቢ ሠላሳ አንድ ሰው የፈረመበትን፣ መፈረም ያልቻለውም አሻራውን ያኖረበትን አቤቱታ ይዘው በእግራቸው ወደ እኛ መጡ። ቅሬታዎቼንና ምስጋናዎቼን ከዚህ ልጀምር።

፩. ለአቤቱታው በዚያው ቀን መልስ ስለሰጡ አመሰግናለሁ። በወረቀቱ ጥግ ላይ «ባለሙያው አጣርቶ ያቅርብ» ብለው ከመሩ በኋላ አስጠርተውኝ፣ «ውባየሁ፣ ወቅቱ አጭር ነው፤ ቡናው ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሄደህ እየው፣ ግን ቀለል አድርገው» አሉኝ። «ቀለል አድርገው» የሚለው ቃል በየትኛው የመመሪያ አንቀጽ እንደሚገኝ እስከ ዛሬ ፈልጌ አላገኘሁም። ትርጉሙ ግን እዚያው በርዎ ላይ ቆሜ ሳለሁ ገብቶኛል፤ ስለ ማስረዳት ችሎታዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪. መኪናም ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። በመኪና ባልሄድ ኖሮ በእግሬ መንደሯን አቋርጬ መውጣቴ፣ ውሃውንም ሳልወድ በግድ ማየቴ አይቀርም ነበር። መኪናው በላይኛው መንገድ አድርጎ በቀጥታ ማጠቢያው ደጅ አወረደኝ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። የማጠቢያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ሙሉብርሃን ጃንጥላ ይዞ ተቀበለኝና የፍሳሽ ጉድጓዱን አሳየኝ። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል፤ በአንድ ጎኑ ተንዶ ቀይ ገለፈቱና ጥቁሩ ውሃ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እኔም አየሁት። ይህን ቃል ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ አየሁት።

ወደ ታች ወርጄ ናሙና ልቅዳ ስለው፣ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ኢንጂነር፤ ይወድቃሉ። ውሃው እንደሆነ ያው አንድ ወንዝ ነው፤ ከዚህ ይቅዱ» አለኝና ማጠቢያው ውሃ የሚስብበትን ቦታ በጣቱ አመለከተኝ። ያ ቦታ ከማጠቢያው በላይ ነው፤ ከጫካው የሚወጣው ውሃ ማንም ሳይነካው የሚደርስበት። ጠርሙሴን እዚያ ሞላሁ። ጠርሙሱ ላይ ግን «ከማጠቢያው በታች» ብዬ ጻፍኩበት። ማንም እጄን አልያዘኝም፤ እርስዎም በዚያ ሰዓት አጠገቤ አልነበሩም። ከዚያ ምሳ ተጋበዝኩ፤ በላሁ። ሪፖርቱን በማግስቱ ጻፍኩት፤ «ቀለም፦ የጠራ። ሽታ፦ የለውም።»

፫. ይህኛው ቅሬታ እርስዎን አይመለከትም፤ የምነግረው ሌላ ሰው ስላጣሁ ይታገሡኝ። ሪፖርቱ በወጣ በሳምንቱ ጋሽ ሰብሃት ቢሮ ድረስ መጡ። ልወቀስ ነው ብዬ ስጠብቅ በኮባ የተጠቀለለ የጫካ ማር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «በዚያ ዝናብ ለእኛ ብለው ስለወጡ ነው፤ የሚያስታውሰን ሰው ተገኘ» አሉኝ። ውጤቱን ገና አልሰሙም ነበር። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኩ። ማሩ እጅግ ጥሩ ነበር።

፬. የመንደሩ ሰው መልሱን ከቀበሌው ሰሌዳ ላይ አነበበ፤ ውሃው ንጹህ ነው ተባለ። ከብቶቹ ማንበብ ስለማይችሉ አንጠጣም እንዳሉ ቀሩ። በወንዙ የታጠበ ልብስ የለበሰ ሰው ሁሉ ገላውን ያሳክከው ጀመር። ሴቶቹ ወንዙን ትተው ከሸለቆው ማዶ ወዳለች ምንጭ መውረድ ያዙ፤ ዳገቱ ቁልቁለቱ፣ መሄጃ መመለሻው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የጋሽ ሰብሃት ባለቤት እትዬ ዙፋን በኅዳር ሃያ ሦስት ቀን ጠዋት፣ ሃያ ሊትር ውሃ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱ ላይ አዳለጣቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ አወጣቸውና ቦንጋ ሆስፒታል ገቡ።

ወሬውን የሰማሁት የእኛው ቢሮ ሰዎች ሻይ ላይ ሲያወሩት ነው። ሦስት ቀን ልሂድ አልሂድ ስል ከርሜ በአራተኛው ሄድኩ። እትዬ ዙፋን ማን እንደሆንኩ ሲነገራቸው ከትራሳቸው ቀና ለማለት ሞከሩ።

«ውሃችንን የመረመሩት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ንጹህ ነው ብለዋል አሉ። እንግዲያው ጥፋቱ የራሴ ነው፤ አጉል ተጸይፌ ነው እንጂ ከደጄ ውሃ እያለ ገደል ለገደል ምን ወሰደኝ?»

ክቡር ሆይ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ብዙ ስብሰባ ላይ ተወቅሻለሁ። ሰው ስለ እኔ ጥፋት ራሱን ሲወቅስ ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ወጥቼ ጋሽ ሰብሃትን ከግቢው ዛፍ ሥር አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉድጓዱን፣ ጠርሙሱን፣ ከየት እንደቀዳሁ። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝም ደስ ይለኝ ነበር።

«ማሩን በላኸው?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበርኩ።

«በላሁት።»

«እንግዲህ የእኔን ሰጥቼሃለሁ። ነገ መጥተህ ውሃውን ቅዳ። እኔ አወርድሃለሁ።»

በማግስቱ መንደሩ ድረስ በእግር ሄድኩ። ጋሽ ሰብሃት ከፊት ከፊቴ እየመሩ ወንዙ ዳር አደረሱኝ። ውሃው የተቃጠለ ዘይት ይመስላል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ጠርሙሱን ሞላሁ። ክዳኑን የገጠሙልኝ እሳቸው ናቸው። ወደ ቤታቸው ስንመለስ ወንበር አወጡልኝና፣ «እሷ የምትሰማህ አንተን ነው። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ሄደህ ንገራት» አሉኝ። በዚያው ቀን ሆስፒታል ተመልሼ ነገርኳቸው። እትዬ ዙፋን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እስካሁን አላናገሩኝም፤ ልክ ናቸው።

፭. ሁለተኛው ሪፖርቴ ከላቦራቶሪው ውጤት ጋር በታኅሣሥ መጀመሪያ ቀረበልዎ። መልስዎን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ «ጉዳዩ ቀደም ሲል በባለሙያው በአቶ ውባየሁ ተጣርቶ ምላሽ የተሰጠበት ስለሆነ፣ ድጋሚ ምርመራ አያስፈልገውም።» እውነቱን ስጽፍ የረታኝ የገዛ ፊርማዬ ነው። እርስዎ ወረቀቱን አልቀደዱም፣ አልተቆጡኝም፤ ያደረጉት ነገር ቢኖር ውሸቴን አክብረው በቦታው ማኖር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ የሥራ ባልደረባ ከየት ይገኛል?

አሁን የካቲት ነው። ማጠቢያው ሥራውን ጨርሶ ተዘግቷል፤ ወንዙም ቀስ በቀስ እየጠራ ነው፤ ምናልባት ለጉብኝት የሚመችዎ ይህ ወቅት ይሆናል። የተናደው ጉድጓድ እንደተናደ ነው። እትዬ ዙፋን ቤታቸው ገብተው በምርኩዝ ከአልጋ እስከ ደጅ ይሄዳሉ፤ ውሃ የሚቀዱላቸው ጎረቤቶች ናቸው። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ሸክም የሚባል ነገር አይሞክሩ ብሏቸዋል።

ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ በሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ፤ በጥቅምት የፈረምኩት ሪፖርት ሐሰት ነው። ናሙናው የተቀዳው ከማጠቢያው በላይ ነው። ሪፖርቱ ይሰረዝልኝ። በዲሲፕሊን መከሰስ ካለብኝ ልከሰስ፤ ክሱን ሲጽፉ ግን እባክዎ ቀለል አያድርጉት። ከሚቀጥለው ጥቅምት በፊት ጉድጓዱ በሥርዓት ይቆፈር፤ ካልተቆፈረ እሸቱ አይግባ። ይህን የምጠይቀው ንጹህ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ጉድጓዱን በዓይኔ ያየሁት የመሥሪያ ቤታችን ሰው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ከጭቃም ይሰውርዎ እያልኩ፣ በትሕትና እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ከታዘዘው በላይ የታዘዘልዎ፣
ውባየሁ፣ የውሃ ጥራት ባለሙያ
ቦንጋ፣ የካቲት ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለእትዬ ዙፋን፣ ማንበብ ከፈቀዱ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የጥቅምቱን ሪፖርት ቅጂ ልወስድ ትናንት መዝገብ ቤት ገብቼ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ «የቱን? አምስት ናቸው እኮ» አለችኝ። በዚህ ዓመት የአራት ሌሎች ማጠቢያዎች ሪፖርት ከእኔው ላይ ተገልብጦ፣ የማጠቢያው ስም ብቻ ተለውጦ በማኅተምዎ ወጥቷል። ሽታ፦ የለውም፤ ሽታ፦ የለውም፤ ሽታ፦ የለውም፤ ሽታ፦ የለውም። በሁለቱ ላይ የወንዙን ስም እንኳ መቀየር ተረስቷል። አራቱም ማጠቢያዎች ሥር ሰው ይኖራል። እዚያ ማን እንደወደቀ ገና አልሰማሁም።