ልጃችን ሥራህን ይዟል

ለጌታሁን፣ ለቤቴ አባወራ፤

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሌላው ተጋምሷል። ሙት ዓመትህን ያወጣን ሰሞን ልጽፍልህ ተቀምጬ ነበር፤ ሰው ሲገባ ሰው ሲወጣ ሳይሆንልኝ ቀረ። እውነቱን ልንገርህ፣ የምነግርህ ደግ ወሬ እስካገኝም እየጠበቅኩ ነበር። ደግ ወሬው አልመጣም። አሁን ግን ይህን ነገር ለአንድ ሰው ማውራት አለብኝ፤ ካንተ በቀር ደግሞ ሳላስረዳው የሚገባው የለም።

ሰፈራችን ካባላጋላ ያው እንደምታውቃት ናት። ፊት ለፊታችን ያለው ቡና ቤት ፎቅ ጨመረ፤ ሙዚቃውም አብሮ ከፍ አለ። መኪና ታስጠልልበት የነበረውን የማንጎ ዛፍ አከራያችን አስቆረጠው። እኔ ልብስ ስፌቴን አልተውኩም፤ የስፌት መኪናዬን ግን ከግድግዳው አንስቼ ወደ መስኮቱ አዙሬያት ነበር፣ ጋራዥህን እያየሁ እንድሠራ። ባቲላሜራው ኦኬሎም አለ። አሁንም መዶሻውን ይዞ ያፏጫል፤ አሁንም «ማማ ዮናስ» እያለ ይጠራኛል። እሱ የገባውን ላሜራ እየቀጠቀጠ ያወጣል፤ ስቱኮውን፣ ቀለሙንና ከላይ የሚያብረቀርቀውን ክሊር ደግሞ ዮናስ ይሠራ ጀመር።

አዎ ጌታሁን፣ ልጃችን ሥራህን ያዘ።

አልጋ ላይ ሆነህ «ልጁን ከቀለሙ አርቂው» ያልከኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ያልለመንኩት መስሎህ እንዳታዝንብኝ። ናጉሩ ካለ ሆቴል ጥሩ ሥራ ነበረው፤ ከቀብርህ በኋላ ትቶት መጣ። «የአባዬን ደንበኞች ለማን እንተዋቸዋለን?» አለኝ። ያንተ ልብስ ልክ ሆኖለት፣ እጅጌውን እንዳንተ ጠቅልሎ ሳየው አንተን ያየሁ መሰለኝ። ደግሞ ይችላል። ቀለም ሲያዛምድ ብታየው፣ ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ቀብቶ አንዴ ፀሐይ ላይ፣ አንዴ ጥላ ውስጥ እያዞረ ያያል፤ አልመሰል ካለው ደፍቶ እንደገና ይጀምራል። አዲስ የተጋባን ሰሞን ዓይኔን አስጨፍነህ መዳፌን ስቱኮ በተሞላ ላሜራ ላይ ስትጎትተው፣ «የቱ ጋ ነው ጉዳቱ?» ስትለኝ ትዝ ይልሃል? አላገኘሁትም ነበር። አንተም እንደ ሕፃን ሳቅህ። የዮናስንም ሥራ እንዲሁ አላገኘውም።

ዮናስን ሳል መቼ እንደጀመረው በውል አላውቅም። እናት ነኝና ማወቅ ነበረብኝ ትል ይሆናል፤ ግን እንዲህ ያለ ሳል ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ማታ ማታ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። ቀጥሎ በደረጃ ላይ ቆም ማለት መጣ። «አቧራ ነው እማዬ፣ ስናሽ የሚነሳው አቧራ» ይለኛል። አንተም አቧራ ነው ብለኸኝ ነበር።

እኔን ያስፈራኝ ግን ሳሉ አይደለም፤ ሳሉ የጠፋ ጊዜ ነው የፈራሁት።

ለፋሲካ ጋባ፣ የአክስቴ ልጅ አልማዝ ዘንድ ሄደን ሰነበትን። ከሐይቁ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ብዙም አይርቅም። ዮናስ ከጀልባ ዓሣ የሚያወርዱትን ሰዎች አግዞ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አንድም ቀን አልሳለም። አልማዝ «አየሩ ተስማማው» ብላ ደስ አላት። እኔ ግን ያንተን አስታወስኩ። ታመህ ከሥራ ርቀህ ጂንጃ የሰነበትን ጊዜ ያንተም ሳል እንዲሁ ጠፍቶ ነበር። «ድኛለሁ» ብለህ ተመለስክ፤ አንድ መኪና ሳትጨርስ ሳሉ ጠብቆህ አገኘህ። ያን ጊዜ ሁላችንም ቲቢ ነው ብለን ነበር። ሥራህን ጠይቆ ነገሩን ያወቀው የመጨረሻው ሐኪም ነው። ክሊሩ እንዲደርቅ የሚቀላቀለው ሃርድነር ሲረጭ ዓይን የማያየው ጉም ይሆናል፣ ያ ጉም ሳንባን አንዴ ካስቆጣ ከዚያ ወዲያ ጥቂቱም ለማፈን ይበቃል ያለን እሱ ነው፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ።

ከጋባ እንደተመለስን ይህን ለዮናስ ነገርኩት። አስቀምጬ፣ ሳልቆጣ። ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ትልቁን ማስክ ከሚስማሩ አውርዶ አሳየኝ። «አባዬ ጨርቅ ነበር የሚያስረው። እኔ ይህን ነው የማደርገው። አትፍሪ።»

ከዚያ በኋላ በመስኮት አየው ጀመር። ማስኩን ያደርጋል፤ እውነቱን ነው። ግን የክሊሩን አጨራረስ ለማየት ሲጠጋ የማስኩ መስታወት ይጋረድበታል፣ ያኔ ወደ ግንባሩ ይገፋዋል። በዚያ ጉም መሃል ፊቱን ገልጦ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል። ልክ እንዳንተ።

የፈራሁት የደረሰው አንዲት ናካቶ የምትባል አስተማሪ መኪናዋን ያመጣች ጊዜ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ፀሐይ ሲነካው ብልጭ ብልጭ የሚል ቀለም። የቦዳ ሞተር ነጂ የኋላ በሩን መትቶ ወደ ውስጥ አስገብቶታል። ልጇን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡበት፣ እነሱ ክዋንጁላ የሚሉት ቀን ደርሶባት ነበርና አደራ ብላ ሄደች። ኦኬሎ ላሜራውን አወጣ። ዮናስ ስቱኮ ሞላ፣ በውሃ አሸ፣ የሥሩን ፕራይመር ቀባ። ሰማያዊው አልገኝለት ብሎ አስቸገረው፤ በመጨረሻ ቁራጭ ቆርቆሮውን በሩ ላይ ሲያስደግፈው የቱ በር፣ የቱ ቆርቆሮ እንደሆነ አልለይ አለ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም። ደስታው ራሱ አስጨነቀኝ።

ክሊሩን የረጨው ከሰዓት በኋላ ነው። አቧራ እንዳይገባበት ዙሪያውን በላስቲክ ጋርዶ ገባ። እኔ የሰው ቀሚስ እሰፋለሁ። የኮምፕሬሰሩ ድምፅ አለ፣ በመሃሉ የመርጫው ሽውታ ይሰማል፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከዚያ ሽውታው ቀረ። አጨራረሱን እያየ ነው አልኩ። የጀመርኩትን ስፌት ልጨርስ ጎንበስ አልኩ። ኮምፕሬሰሩ ይጮሃል፣ ሽውታው ግን አልተመለሰም። የኦኬሎ ፉጨትም ያን ሰዓት የለም፤ ምሳ ሊበላ ወጥቷል። መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ትቼ ሮጥኩ።

ላስቲኩን ስገልጠው ተንበርክኮ አገኘሁት። አንድ እጁ መሬት ላይ፣ አንዱ ደረቱ ላይ፤ ማስኩ ወልቆ አጠገቡ ወድቋል። ሊጠራኝ አፉን ይከፍታል፣ የሚወጣው ግን ያ ፉጨት ብቻ ነው። ጌታሁን፣ የትኛውን ፉጨት እንደምል ታውቃለህ። በመጨረሻዎቹ ወራት ተቀምጠህ ስትተኛ ከደረትህ ይወጣ የነበረውን ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። በብብቱ ይዤ ጎተትኩት፤ ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀው ጉልበት ነበር። ጩኸቴን ሰምቶ ኦኬሎ በእንቁላል የተጠቀለለ ቂጣውን፣ ሮሌክሱን፣ ከእጁ ጥሎ ደረሰ፣ አቅፎት ቦዳ ላይ ወጣ፤ እኔ በሌላ ቦዳ ተከተልኩ። መንገዱን ሁሉ የማየው ጭንቅላቱን ብቻ ነው፣ በኦኬሎ ትከሻ ላይ እየተወዛወዘ።

ተረፈ። ሐኪም ቤት መድኃኒቱን በጭስ መልክ አፍንጫው ላይ አድርገውለት፣ ፊቱ ቀስ እያለ ወደ መልኩ ተመለሰ። ያየችው ሐኪም ልጅ እግር ሴት ናት፤ ወደ ኮሪደሩ ጠርታኝ፣ «ማማ፣ ተመልሶ እዚያ ቀለም ውስጥ ከገባ ወደዚህ ለመድረስ ጊዜ ላይኖረው ይችላል» አለችኝ። እሱም ሰምቷል፤ በሩ ክፍት ነበር።

ናካቶ መጥታ መኪናዋን ስታየው በሩ ግማሹ እንደ ውሃ ያበራል፣ ግማሹ ደብዝዞ ቀርቷል። ኦኬሎ የሆነውን ነገራት። በሩን ትታ ዮናስ አልጋ አጠገብ መጥታ እጁን ይዛ ተቀምጣ ሄደች። በሩን ሳሊ የሚባል ሌላ ቀለም ቀቢ አሽቶ እንደገና ጨረሰላት። አሁን ቦታህ ላይ የሚሠራው እሱ ነው።

ዮናስ አልረጭም ብሎ ማለልኝ። አይረጭምም። ግን ሳሊ ቀለም ማዛመድ አይሆንለትም፣ ይጠራዋል። «የጋራዡ በር ላይ ነው የምቆመው እማዬ፣ ቀለሙን አሳይቼው እመለሳለሁ።» በሩ ጋ ይቆማል። ከዚያ ሳሊ ሲረጭ ለማየት አንድ እርምጃ ይገባል። ሽታው እኔ ያለሁበት መስኮት ድረስ ይመጣል፤ እሱ የቆመበትማ ምን ያህል ይሆን? ስለዚህ ሳልጠይቀው ጋባ ከአልማዝ ጎን ቤት ተከራየሁ። መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ዕቃ ያስር ጀመር።

ዛሬ እንወጣለን። አልጋው ተፈትቷል፣ የስፌት መኪናዬ ተጠቅልላለች፤ ይህን የምጽፍልህ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነው። ጠዋት አፉን ዘግቶ ሲስል ሰማሁት፤ እንዳልሰማው ነው የዘጋው። አሁን ኦኬሎን ልሰናበት ብሎ ወደ ጋራዡ ሄዷል። ቆየብኝ።

ጌታሁን፣ ፎቶህ ከእኔ ጋር ይሄዳል፣ ስምህም በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን ይጠራል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የመጨረሻውን አተነፋፈስህን ከጆሮዬ እንዲያወጣልኝ ስፀልይ ነበር የኖርኩት። አሁን ያን ፀሎት ትቻለሁ። እንዳልረሳው ነው የምለምነው፤ ከዮናስ ደረት ከመጣ በግድግዳ ማዶም፣ በሰው ጫጫታ መሃልም ቢሆን ለይቼ እንድሰማው። ሳቅህንም አተነፋፈስህንም አብሬ እይዛለሁ፤ ቃሌ ነው።

ኮምፕሬሰሩን አስነሱት። ዮናስ ከጋራዡ አልወጣም። ልጃችንን ላመጣው ሄድኩ።

ባለቤትህ፣
አስቴር