ሊፍት ውስጥ በምጥ ተይዛ ስለቀረችው ሴት

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በተለይም ለሁለቱም ዓይኖችዎ ጤና እመኛለሁ፤ ዓይንን ለብቻው ያነሳሁበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ስቀበልና ስመራ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከዚህ በፊት ለክፍልዎ የጻፍኳቸው አራት ደብዳቤዎች የት እንደገቡ የሚያውቅ ሰው ስላልተገኘ፣ ይህን አምስተኛውን በአደባባይ እንዲነበብ አድርጌዋለሁ፤ አገር ያነበበው ወረቀት እንደዋዛ መሳቢያ ውስጥ አይጠፋምና።

በመጀመሪያ ስለ አስቂኙ ተከታታይ ድራማችሁ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እንደሚያስታውሱት በሁለተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ክፍል ስድስተኛ ፎቅ የምትኖረው ነፍሰ ጡር ሚስት ምጧ መጥቶ ሊፍት ውስጥ ገባች፤ መብራት ጠፋ፤ ሊፍቱም እሷን፣ አማቷንና ቁም ሳጥን የሚያደርስ አንድ አናጺ እንደያዘ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ አለ። አማቲቱ ጮኸች፣ አናጺው እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሴትየዋም «መጣ!» ብላ አቃሰተች፤ ልክ በዚያች ቅጽበት ሥዕሉ ደርቆ ቀረና ሙዚቃ ተለቀቀ፤ «ምዕራፍ ሁለት ተፈጸመ» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ የሳሙና ማስታወቂያ ተከተለ። እነሆ ይህ ከሆነ ሰባት ወር አለፈው። ሴትየዋ አሁንም ሊፍት ውስጥ ናት።

ለሌላው ተመልካች ይህ ቀላል ነገር ይሆናል። እናቴ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በአዋላጅነት የሠራች ሴት ናት፤ በእሷ ሕግ ደግሞ አንዲት አዋላጅ ምጥ ላይ ያለችን ሴት አንዴ ከተቀበለች ልጁ ተወልዶ፣ እንግዴ ልጁ ወጥቶ፣ እናቲቱ ትኩስ ነገር እስክትቀምስ ድረስ ከአጠገቧ ንቅንቅ አትልም። የእኔን የአንድያ ልጇን ሠርግ እንኳ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች የደረሰችው። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዓይኗን ሞራ ስለሸፈናት በቴሌቪዥን የሚታየውን የምነግራት እኔ ነኝ፤ ድምፁን ደግሞ ራሷ ትሰማለች። ሐኪሙ ሞራው በቶሎ ካልተነሳ ያለችው ጥቂት ብርሃንም ትጠፋለች ብሎ ቀጠሮ ሰጣት። በቀጠሮው ቀን መኪና ደጅ ቆሞ ሳለ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና ምጥ ላይ ያለች ሴት ትታ የትም እንደማትሄድ አስታወቀችን። እኛም ሳቅን። በሁለተኛው ቀጠሮ ይህንኑ ስትደግመው ግን የሳቀ የለም።

እንግዲህ በእናቴ ስም የሚከተሉትን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. የእርግዝናው ዘመን። እናቴ በጣቷ እንደቆጠረችው፣ ሚስቲቱ ማርገዟን ለባሏ ከነገረችበት ክፍል አንስቶ እስከ ሊፍቱ ድረስ አሥራ ስድስት ወር ሞልቷል። የዝሆን ዘር ከሌለባት በቀር ይህ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ባለሙያ ካላችሁ፣ እናቴ ቁጭ ብላ ለመማር ዝግጁ ናት።

፪ኛ. የሚስቁት ሰዎች። ሴትየዋ ባቃሰተች ቁጥር የማይታዩ ሰዎች ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይንከተከታሉ። እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑና ማን ፈቅዶላቸው ማዋለጃ ቦታ እንደገቡ በጽሑፍ ይገለጽልን። በእናቴ ጊዜ ቢሆን አንድ በአንድ በጆሯቸው ተጎትተው ይወጡ ነበር።

፫ኛ. አናጺው። የሥራ ጓንቱን አጥልቆ ሲያበቃ በዚያው ጓንት ጆሮውን አከከ። እኔም የዋኋ ያየሁትን ሳላስተርፍ ለእናቴ ነገርኳት። ከወንበሯ ብድግ ብላ «አውልቅ! አሁኑኑ አውልቅ!» ብላ በጮኸችው ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሌባ ገባ ብሎ ዱላ ይዞ ደረሰልን። በዚህ አጋጣሚ ጎረቤቶቻችንን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እናንተ እንደማትጠይቁ ስለማውቅ።

፬ኛ. መልሳችሁ። በስልክ ያነጋገረችኝ ጨዋ ሠራተኛችሁ ወሊዱ ወደሚቀጥለው ዓመት መተላለፉንና ተመልካች በትዕግሥት እንዲጠብቅ ነገረችኝ። ይህንን ቃል በቃል ለእናቴ ሳደርስ ምጥ በይደር እንደማይቀጠር እንድነግራችሁ አዘዘችኝ። ይኸው ነገርኳችሁ።

ከእናንተ ተስፋ ስንቆርጥ ወደ ውሸት ገባን። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሰው አይጠላም፣ ውሸት ግን አያውቅበትም። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከበር ጀምሮ «እማማ፣ ወለደች!» እያለ ገባ። እናቴም ተረጋግታ የልጁን ክብደት ስትጠይቀው ስምንት ኪሎ አለ፤ አልቅሷል ወይ ስትለው ነገ ያለቅሳል አለ፤ እንግዴ ልጁስ ብትለው ደንግጦ በኋላኛው መኪና ይመጣል ብሎ አረፈው። ያን ቀን ራቱን የበላው ጎረቤት ቤት ነው።

ሦስተኛው ቀጠሮ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ከዚያ በኋላ ሌላ እንደማይኖር ሐኪሙ ቁርጡን ስለነገረን፣ ፈቃድ ወስጄ ከጣቢያችሁ በር ላይ ሦስት ቀን ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ሚስቲቱን የምትጫወተው ልጅ ሽንኩርት በፌስታል ይዛ ከታክሲ ስትወርድ አገኘኋትና ጉዳዬን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣች፤ በሰላም ወልጃለሁ ብላ ልታሳምንልን ተማምለናል። እናቴ አጠገቧ አስቀምጣ በእጇ ፊቷን ዳሰሰች፣ ከዚያ ሆዷን ዳሰሰች። ቀጥላም እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

ስቃ ሲወጣላት ያለችውን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ። ዓይኗ እንጂ አእምሮዋ እንዳልፈዘዘ፣ ድራማ መሆኑንም ከመጀመሪያው እንደምታውቅ፣ የፈራችው የሐኪሙን ስለት እንደሆነ ተናገረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው ሁሉ አይዞሽ ስትል ኖራ የራሷ ተራ ሲደርስ ፈራሁ ማለት አሳፍሯት፣ ሊፍት ውስጥ ያለችውን ሴት ጥግ አድርጋ ተሸሽጋለች። በዚህ ቤት ቀጠሮ የሚያስታውሳት እንጂ አይዞሽ የሚላት እንደሌለም ጨመረች።

ክቡር ሆይ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰባት ወር ሙሉ ለእርስዎ ክፍል አራት ደብዳቤ ስጽፍ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ላለችው እናቴ አንዲት አይዞሽ አልወጣኝም። ተዋናይዋ ግን የእናቴን እጅ ጨብጣ «አይዞዎት እማማ፣ በረጅሙ ይተንፍሱ፣ እኔ አልሄድም» አለቻት። ቃሉን ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት፣ እናንተ ለሚቀጥለው ዓመት ባስተላለፋችሁት ክፍል አናጺው የሚናገረው መሆኑን ነገረችኝ። በጽሑፍ ላይ ያላችሁን ደግነት በዚህ አጋጣሚ አደንቃለሁ።

ሐሙስ ዕለት እናቴ ሆስፒታል ገባች። ልጅቱ አልሄድም ብላ ነበርና አልሄደችም፤ ኮሪደሩ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ቆየች። በዚሁ ቀን ከልምምድ በመቅረቷ የጻፋችሁላት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል፤ ለእኔ አራት ደብዳቤ መልስ የሚሆን ወረቀት ያጣ ክፍል ለእሷ በአንድ ቀን ማግኘቱ አስደስቶኛል። በሃያ ሁለት ዓመት የመዝገብ ሥራዬ እንደዚያ ያለ ወረቀት ብዙ አይቻለሁ፤ የሚያምርበት ቦታ ቅርጫት ነው። ልጅቱ ከሥራ አልቀረችም፤ እናንተ የተዋችሁትን ሥራ ስትጨርስ ነበር የዋለችው። ማስጠንቀቂያው እንዲነሳላት በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ካልተነሳ ደግሞ ጋዋኗን ለብሳ እስከ ቢሮዎ ድረስ ልትመጣ የተዘጋጀች አንዲት ጡረተኛ አለች።

ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የእኔንም ስላባከኑ ይቅር ብዬ፣ ከከበረ ሰላምታና ገና ትንሽ ከቀረችው ትዕግሥቴ ጋር፣

የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ፣
የአዋላጇ ልጅ

ግልባጭ፦
ለማስጠንቀቂያው ጸሐፊ
ለሚስቁት ሰዎች፣ ባሉበት

ማስታወሻ፦ የእናቴ ዓይን ፋሻ ተፈትቷል። በማግስቱ ያንኑ ክፍል ደግማችሁ ስታሳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርታ አየችው፤ ሆድ ተብሎ የታሰረው ትራስ ዚፑ በግልጽ እንደሚታይ አሳውቂልኝ ብላኛለች። ከዚያ ቀጥሎ የመጣውንም ፕሮግራም፣ የእሱን ተከታይም አየች፤ በመጨረሻም ወደ እኔ ዞራ ዓመቱን ሙሉ ስነግራት የኖርኩት ይህንን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ እስከ ዛሬ የታገሠቻችሁ በጆሮዋ ብቻ ነበር።