በረንዳ አዳሪዎችን ከእድር ያስገቡት የአቶ ጴጥሮስ ላምቦሬ የሕይወት ታሪክ (1956–2017 ዓ.ም.)

አቶ ጴጥሮስ ላምቦሬ ከአባታቸው ከአቶ ላምቦሬ ኤርሱሞና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዳመቀች ሃንዲሶ በ1956 ዓ.ም. በቦኖሻ ተወለዱ። እዚያው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። የሰው ግድግዳ ላይ በከሰል እየሳሉ ስንቴ ተገርፈዋል፤ አልተዉትም።

በ1974 ዓ.ም. ሆሳዕና ገብተው ታፔላ መጻፍ ለመዱ፤ የሱቁን፣ የሻይ ቤቱን ስም በብሩሽ ሲጽፉ ኖሩ። በ1983 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሊድያ ሽፈራው ጋር በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ኪያንና ፍፁምን ወለዱ። የባነር ማተሚያ መጥቶ ሥራው ቢቀዘቅዝም ብሩሹን አልጣሉም።

በ2012 ዓ.ም. መነኸሪያው አጠገብ በረንዳ የሚያድሩ አንድ ሽማግሌ አረፉ። ቤት የሌለው እድር አይገባም ተብሎ ድንኳን ሳይተከልላቸው፣ በጋሪ ተወስደው ተቀበሩ። አቶ ጴጥሮስ የእድሩን ዳኛ አቶ ወልደየሱስን «እነሱን የማይቀብር እድር እኔንም አይቅበረኝ» ብለው ወጡ። ኩላሊታቸውን መታመም የጀመሩት ያኔ ስለነበር፣ ቤተሰቡ ነገ ማን ይቀብራቸዋል እያለ እንቅልፍ አጣ። ለመኗቸው፣ ተቆጧቸው። እንቢ አሉ። ግትርነት በዚህ ቤት የዘር ነው።

ከዚያ የአንድ መጋዘን ባለቤት አስፈቅደው በመጋዘኑ ግንብ ላይ የበረንዳ አዳሪዎቹን መልክ መሳል ያዙ። መጀመሪያ የሳሏቸው ወ/ሮ ፋንታዬን ነው፤ ነጭ ነጠላ አልብሰው፣ በሙሉ ቁመታቸው። በዚህ አገር የድሃ መልክ እንዲህ ጎልቶ አደባባይ የሚወጣው ሲሞት ነው። ጠዋት ገበያ የሚወርዱ የእድሩ ሴቶች ስዕሉን አይተው «ውይ፣ ፋንታዬ ሞታ» ብለው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አለቀሱ። ደግነቷ ተነገረ፣ የሰው ልጅ ማቀፏ ተነሳ። ወ/ሮ ፋንታዬ ከዚያው መጋዘን በረንዳ ብርድ ልብሳቸውን ገልጠው ቀና አሉና «ይሄን ያህል ከወደዳችሁኝ ሳልሞት እድር አስገቡኛ» አሏቸው። ወዲያው ለቅሶው ሳቅ ሆነ። አቶ ወልደየሱስም ነገሩን ሲሰሙ «አንዴ ከተለቀሰላት ምን ይደረጋል፣ የኛው ናት» አሉ። በእሑዱ ስብሰባ ቤት የሌላቸውም እንዲገቡ ተወሰነ። አቶ ጴጥሮስም ከእነሱ ጋር ተሰልፈው እንደ አዲስ ገቡ። ያን ዕለት በቤታቸው እፎይ ተባለ።

ሕመማቸው ጸንቶ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በቤታቸው አረፉ። ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ሌላ ታናሽ እህታቸው ወ/ሮ ሮማን ላምቦሬ በሕይወት አሉ። ኀዘኑ ከባድ ነው፤ ያ የፈራነው ግን አልደረሰም። ዛሬ ድንኳናቸውን ቤት ያለውም የሌለውም አንድ ላይ ተክሎታል።

ማንንም በደጅ የማያሳድር አምላክ ነፍሳቸውን ከቤቱ ያስገባልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።